የወፈረው እግር

አባቴን አይታችሁ «ምነው ከሳ?» አትበሉኝ። መርሳ ገበያ ውስጥ ባለ ሦስት ጎማ ወንበሩን በእጁ እየዘወረ የሚያልፈው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ሰውዬ አባቴ ነው። የከሳው ታሞ አይደለም። ተርቦም አይደለም። ሰፈሩ ሊያወፍረው፣ እናቴ ልታከሳው ዓመታት ሲታገሉ ኖረው እናቴ ስላሸነፈች ነው። ያኔ እኔ ከሰፈሩ ጋር ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገሩን የማወራችሁ ከተሸናፊዎቹ ወገን ሆኜ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ አማን የፍራፍሬ ነጋዴ ነው። ማንጎውን ዛፉ ላይ እንዳለ ይገዛል፣ ራሱ ወጥቶ ያወርዳል፣ ጭኖ ሐራና ወልድያ ድረስ ይወስዳል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ሰው ቀጥረው ያስወጣሉ፤ እሱ ግን ዛፍ ላይ መውጣት ይወድ ነበር። አንድ ቀን በቅርባችን ባለችው ግራና ውስጥ ዝናብ ያራሰው ቅርንጫፍ አንሸራተተውና በጀርባው ወደቀ። ለእኔ የነገሩኝ «እግሩን ትንሽ አሞታል» ብለው ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ ሁለቱም እግሮቹ አብረውት ስለመጡ ተደሰትኩ። እግሩ ተቆርጦ የመጣ ጎረቤት ነበረንና፣ ሁለቱን ይዞ የተመለሰ ሰው መራመዱ የጊዜ ጉዳይ መሰለኝ።

የተጎዳው እግሩ ሳይሆን በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በእኛ ቤት ያንን ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም።

ወልድያ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ አንዲት ሐኪም እናቴን ኮሪደሩ ላይ አቁማ ብዙ ነገር ነገረቻት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ብስኩት እበላ ነበር። የማስታውሰው የብስኩቱን ጣዕምና እናቴ በየመሃሉ «እሺ፣ እሺ» ማለቷን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በቤታችን የተነሳው ጠብ ሁሉ ከዚያ ኮሪደር እንደመጣ በምን አውቄ።

በእኛ አገር የታመመ ሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድም። ጎረቤታችን እትዬ ሂሩት ራሷ እየጾመች ለአባቴ ቅቤ ታመጣለች። የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ አብዱልጀሊል በግ በታረደ ቁጥር ቅልጥሙን ይዞ ከተፍ ይላል። ማር የሚያመጣ አለ፤ ለስላሳ በሳጥን የሚያመጣ አለ። ሁሉም አባቴ ፊት ይቀመጥና «ብላ እንጂ፣ እግርህ ጉልበት ያግኝ» ይላል። አባቴ ይበላል። ሌላ ምን ሥራ አለው? ጉንጩ ሞላ፣ ሆዱ ባለ ጎማ ወንበሩን ሞላ። እዚህ «ወፈርክ» ማለት ምርቃት ነው፤ ሰዉ አባቴን እያየ እናቴን ያመሰግናታል።

«ማሻአላህ፣ አማረበት! እጅሽ ይባረክ፣ ዓቢዳ።»

እናቴ ዓቢዳ ምስጋናውን አትወደውም ነበር። አስፋልቱ ዳር ባለው በረንዳችን ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትነሳና ከአባቴ ሳህን ላይ ሥጋውን ታነሳለች፣ ቅቤውን በማንኪያ ትገፋለች፣ ለእኔና ለጎረቤት ልጆች ታከፋፍለዋለች። እኔ ሥጋውን እየበላሁ አዝንለታለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እግሮቹን አንዱን አንስታ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ሌላውንም እንደዚያው። እሱ አይሰማውም፤ እሷ ግን ላብ እስኪያጠምቃት አትተወውም። ከዚያ ወንበሩን እየገፋች ፀሐይ ላይ ታወጣውና ሁለት ጠርሙስ ውኃ ሞልታ በእጆቹ ታስይዘዋለች።

«አንሳ።»

«ደከመኝ እኮ፣ ዓቢዳ።»

«እግርህ ይድከመው ብዬ ነበር፤ እሱ እምቢ አለ። እጅህ ይድከመው።»

ሰፈሩ ይህን ያያል፣ ያወራል። አንድ ቀን እትዬ ሂሩት ከሌላ ሴት ጋር በረንዳችን ሥር ቆማ ስትስቅ ሰማኋት። «ዓቢዳ መቀመጡን ሳትወደው አልቀረችም። ቁጭ ያለ ባል ሐራ አይሄድ!» አለች። ሴትየዋም ሳቀች፤ ከዚያ እኔን አይታ ዝም አለች።

ሐራ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አባቴ ድሮ ማንጎ ጭኖ ሐራ ሲሄድ ያድር እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ሲመለስ ለእኔ ከረሜላ ያመጣል፣ እናቴ ከረሜላውን አትነካም። ስለዚህ በልጅ ጭንቅላቴ ገጣጠምኩት። እናቴ አባቴ ሐራ እንዲሄድ አትፈልግም፤ ለመሄድ ደግሞ እግር ያስፈልጋል። ይህን ካሰብኩ በኋላ እያንዳንዱ ከሳህን የተነሳ ቅልጥም ማስረጃ ሆነብኝ።

የአባቴ እግሮች ከወደቀ ወዲህ ቀጥነው ነበር። እናቴ ሱሪዎቹን ሁሉ አጥብባ ሰፋቻቸው፤ በተረፈው ጨርቅ ለእኔ የደብተር ቦርሳ ሠራችልኝ። ያንን ቦርሳ ጠላሁት። የአባቴ እግር በነበረበት ቦታ የነበረ ጨርቅ ነውና።

አንድ ጠዋት እናቴ ክር ልትገዛ ወጣች። አባቴ በረንዳው ላይ ነው። ጫማዎቹ ወልቀው ስላየሁ ላጠልቅለት ጎንበስ አልኩ። የቀኙ እንደወትሮው ገባ። የግራው እምቢ አለ። ሱሪውን ገለጥ አድርጌ ባየው ባቱ ሞልቷል፤ የጠበበው ሱሪ ስፌቱ ሊተረተር ደርሷል። ነካሁት፤ ይሞቃል።

«አባዬ፣ እግርህ ወፈረ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። እጁን ባቱ ላይ አሳረፈ። እጁ ሙቀቱን ሰማ፤ እግሩ ግን እጁን አልሰማም። ያንን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እንባው ወረደ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ። «ሂጂ፣ አጎትሽን ጥሪው።»

ሮጥኩ። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። በመንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ «የአባዬ እግር ተመለሰ» እያልኩ ነው የሄድኩት። አጎቴ አብዱልጀሊል መጣ፤ ዳሰሰው፤ «ደም ገብቶበታል፣ ወላሂ ደም ገብቶበታል!» አለ። እትዬ ሂሩት እልል አለች። በረንዳው ሞላ። አንዱ ለሶደቃ በግ ልግዛ አለ፤ ሌላው የዱዓውን ቀን ቆረጠ። አጎቴ ደግሞ ለግራናው ወጌሻ ለጋሽ በላይ ስልክ ደወለ። ጋሽ በላይ በቅቤ አሽተው የማያስነሱት እግር የለም ይባል ነበር። የነቃው እግር ተመልሶ እንዳይተኛ ዛሬውኑ መታሸት አለበት ተባለ።

አባቴ መሃላችን ተቀምጦ ላብ ያጠምቀዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ አልፎ አልፎ ያስለዋል። ደስታ እንደዚያ የሚያደርግ መሰለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የመሰለን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለተሳሳተች ይቅርታ አልጠይቅም፤ ፂማቸው የሸበተ ሰዎች አብረውኝ ተሳስተዋል።

እናቴ ክሯን ይዛ ስትደርስ ሰዉ መንገድ ከፈተላት። «አብሽሪ ዓቢዳ፣ ተገላገልሽ» አላት አንዱ። እሷ ክሯን መሬት ላይ ጣለች። ተንበርክካ የሱሪውን ሁለቱንም እግር እስከ ጉልበት ሰበሰበች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የቀኙን ባት ለካች፣ ቀጥሎ የግራውን። ከዚያ ቀና ብላ እግሩን ሳይሆን ፊቱን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ማን ነው ያሸው?»

«ማንም አላሸውም» አለ አጎቴ። «ጋሽ በላይ መንገድ ላይ ናቸው፤ አሁን ይደርሳሉ።»

«አይነኩትም።»

«ምን ማለት ነው አይነኩትም?»

«ወልድያ ነው የሚሄደው። ሐኪሟ ነግራኛለች፤ አንዱ እግር ብቻ ካበጠ ሳታሹ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት ብላኛለች። ጋሼ፣ ሾፌሩን ይታገሱን ይጥሩልኝ፤ ሚኒባሱ መናኸሪያ ነው።»

አጎቴ የለመነችው መሰለው እንጂ ያዘዘችው አልመሰለውም። ሳቅ አለ። «ዓቢዳ፣ አላህ የሰጠውን እግር ሐኪም ልታስፈቅጂ ነው?»

እናቴ የአባቴን ወንበር ይዛ ወደ ቤት ገፋችው። ከዚያ ተመልሳ መጣችና ያንን ከባድ የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው እየጎተተች በሩ ላይ ገተረችው። ብረቱ ሲሚንቶውን ሲፍቅ የወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከመኪናው ኋላ በርጩማዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። እኔ ከመጎተቷ በፊት ሾልኬ ገብቼ ነበር፤ ከአባቴ ወንበር ጎን ቆሜ ጀርባዋን አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጀርባ የጠላሁት ነገር የለም።

ጋሽ በላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቅቤያቸውን በብርጭቆ ይዘው ደረሱ። በሩ ላይ የተገተረውን መኪና አዩ።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«ጋሽ በላይ፣ እንደ አባቴ ነው የማከብርዎት» አለች እናቴ። «የተሰበረ ቢሆን እኔው መጥቼ እለምንዎት ነበር። ይሄን ግን አያሹትም። ካሹት እኔን አልፈው ነው።»

ከበረንዳው ጉምጉምታው ተነሳ። እትዬ ሂሩት «ኧረ በወላዲቷ፣ ዓቢዳ፣ ሰው ምን ይልሻል» አለች። እናቴ «ይበለኝ» አለች። ያንን ቃል በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ደጋገመችው።

ያን ጊዜ ነው አባቴ ከኋላዋ የተናገረው። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ለማውራት አየር ያጠረው ይመስል ነበር።

«አንቺ እንድነሳ አትፈልጊም።»

እናቴ ዞረች። እኔ የማውቀውን አባቴም እንደሚያውቅ ገባኝ።

«ብነሳ የት እንደምሄድ ስለምታውቂ ነው» አለ።

እናቴ ተነስታ ወደ እኛ መጣች። ሜትሯን አባቴ እጅ ላይ አኖረችው።

«ራስህ ለካው። እኔን አትመነኝ።»

አባቴ መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እያለከለከ፣ የቀኙን ባት በሜትሩ ከበበው፤ ልኩን በአውራ ጣቱ ያዘ። ሜትሩን ወደ ግራው አዞረው። ጫፉ ከአውራ ጣቱ አልደረሰም። በጣም አልደረሰም።

«ሁለቱም እግሮችህ በአንድ ቀን ነው ዝም ያሉት» አለች እናቴ። «ትናንት ጠዋት ሳጥፍልህ ሁለቱም እኩል ነበሩ። አንተ ማንጎ ነጋዴ ነህ፣ አማን። በአንድ ሌሊት አብጦ ያደረ ማንጎ ስታይ ምን ትላለህ?»

አባቴ ሜትሩን አየ።

«ትገዛለህ?»

«አልገዛም» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ውስጡ ተበላሽቷል።»

እናቴ አውራ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አሳለፈች። «ከንፈርህም ጠቁሯል። ይሄ ደስታ አይደለም። በኋላ እግር ካወጣህ የፈለግክበት ሂድ፤ መጀመሪያ ግን ኑርልኝ።»

አባቴ ሜትሩን እንደያዘ በመኪናው ላይ አሻግሮ ወንድሙን ጠራ። «አብዱልጀሊል፣ ና ተሸከመኝ። ወልድያ ውሰዱኝ።»

ጋሽ በላይ ቅቤያቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው «እግሩን አትጭመቁት፤ ከሥር ደግፋችሁ ብቻ ያዙት» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ መኪናውን ከበሩ ያነሱት ግን እሳቸውና አጎቴ ናቸው። ይታገሱ መንገደኛውን ሁሉ አስወርዶ መጣ። የሚኒባሱን ወንበሮች ልብስ የሰፋችለት እናቴ ነበረች፤ ከኋላ አንዱን ረድፍ ለአባቴ አመቻቸው። እኔ አልቅሼ ተሳፈርኩ።

ወልድያ ያቺው ሐኪም አየችው። አባቴን አልጋ ላይ አስተኝተው ኦክስጅን ሰጡት፣ መርፌ ወጉት። ሐኪሟ ለእናቴና ለአጎቴ ስታስረዳ እኔ አጎቴ ጉልበት ላይ ነበርኩ። «እግሩ ውስጥ የነበረው ወደ ሳንባው ወጥቷል» ስትል ሰማሁ። «የቀረውም እንዳይወጣ በመድኃኒት እንይዘዋለን። ብታሹት ኖሮ...» አለችና እኔን አይታ አልጨረሰችውም።

እኔ በራሴ ጨረስኩት። አባቴ እግር ውስጥ የገባው ሕይወት ወደ ደረቱ እየወጣ ነበር፤ ብናሸው ኖሮ መላ ሰውነቱን ይሞላው ነበር፤ እናቴ በሩን ዘግታ ከለከለችው፤ አሁን ደግሞ በመርፌ እየያዙት ነው። ቀናት አልፈው እግሩ ጎደለ፤ ቀጭን ሆኖ ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ። ወደ መርሳ ስንመለስ ሱሪው እንደገና ልኩ ነበር። እናቴ ሱሪውን አይታ ፈገግ ስትል ያየኋት እኔ ነኝ። እግሩን ገደለችው፣ ከዚያ ሳቀች ብዬ ነው ያሰብኩት።

ዛሬ በዚያ አልጋ ላይ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ይተኛል፣ ይረጋል። ከረጋው ትንሽ ተቆርጦ ሳንባው ደርሶ ነበር። የጋሽ በላይ ጠንካራ እጆች ቢያሹት ኖሮ ትልቁን ቁራጭ ይልኩት ነበር። አባቴ ሕዝብ ፊት፣ በእልልታ መሃል፣ ቅቤ እየተቀባ ይሞት ነበር።

ሐኪሟ በዚያው አላበቃችም። ሲወጣ አባቴን ራሱን አስቀምጣ ነገረችው። «እስካሁን ያመለጥከው የመጀመሪያውን ነው። የሚቀመጥ ሰው ደም ሥር ከዕድሜው ቀድሞ ያረጃል። ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ከሌላው ሰው ቀድመው ይመጡብሃል። ሆድህን ቀንስ፣ ሲጋራህን ጣል፣ ክንድህን አሠራ። ከወገብህ በታች ያለው ቢታመምም አይነግርህም፤ አንተ ነህ በየቀኑ የምትጠይቀው።»

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ በይፋ ሆነ። እናቴ ቅቤ ይዞ የሚመጣን ሰው በረንዳው ላይ አመስግና ከነቅቤው ትመልሰዋለች። ማር እንደዚያው፣ ለስላሳ እንደዚያው። ባለ ሦስት ጎማው ሲገኝለት ወደ ገበያ የሚወስደውን ዳገት በራሱ ክንድ እንዲወጣ አደረገችው። የሚገፋ ሰው ሲጠጋ «ተወው!» ትላለች ከመኪናዋ ኋላ። አባቴ እየማለ፣ እየተራገመ፣ እያረፈ ወጣ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ማንጎና ብርቱካን መሸጥ ጀመረ። ሆዱ ጠፋ፤ ጉንጩ ገባ። ሰፈሩ ደግሞ አለቀሰ። «ምስኪን፣ አስርባ ልትገድለው ነው» ተባለ። እናቴ «ይበለኝ» አለች።

እኔ ከእሷ ጋር መነጋገር የተውኩት ለረጅም ጊዜ ነው። እሷም አላስገደደችኝም፤ ለዚያ የት ጊዜ ነበራት።

ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ አባቴን ለምርመራ ወልድያ ይዤው ሄድኩ። ግፊቱን ተለካ፣ ደሙን ሰጠ፣ ደህና ነው ተባለ። ውጪ ጥላ ሥር ይታገሱን እየጠበቅን ሳለ ስለዚያ ቀን ጠየቅኩት። ሁሉንም ነገረኝ። ሲጨርስ የሐራው መንገድ ወዳለበት አቅጣጫ አየ።

«የሐራዋ ሴት እውነት ነበረች» አለኝ። «ሰዉ የሚያወራው ውሸት አልነበረም። እናትሽ ከመውደቄም በፊት ታውቅ ነበር።»

የያዝኩትን የምርመራ ወረቀት አጠፍኩ።

«ያን ቀን በሩን ክፍት ብትተወው ምን ትሆን ነበር መሰለሽ? ማን ይወቅሳት ነበር? ያሹኝ ጋሽ በላይ፣ የጠራቸው ወንድሜ፣ እልል ያለችው ሂሩት። እሷ ምንም አላደረገችም። ሰፈሩ አቅፎ ያስለቅሳት ነበር፤ ከእኔም ትገላገል ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።» አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «ዝም አላለችም።»

ቤት ስንደርስ እናቴ እየሰፋች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና የተቆረጠውን ጨርቅ መጠቅለል ጀመርኩ። ምን ልበላት? «እማ» አልኳት። «ምን ሆንሽ?» አለች። «ምንም» አልኩ። መቀሱን አቀበለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬያት እሰፋለሁ።

አሁንም እዚሁ በረንዳ ላይ ነን። ባለፈው ዒድ አንድ ከሩቅ የመጣ ዘመድ አባቴን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «አማን፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ድሮ ስታምር!» አለው። አባቴ ከዘመዱ ሆድ ጀምሮ እስከ ፊቱ አየው።

«ያኔ ሳምር ልሞት ነበር» አለው። «ይኸው ከስቼ አለሁ።»

ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የራሱን ሜትር ከኪሱ ያወጣል። እናቴ ያን ቀን እጁ ላይ ያኖረችው ሜትር ነው፤ ቁጥሮቹ ግማሹ ለቀዋል፣ እሱ ግን ቁጥር አይፈልግም። የቀኙን ይከባል፣ በአውራ ጣቱ ይይዛል፣ ወደ ግራው ያዞራል። የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያየዋል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያዝንለታል። አባቴ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ይጮሃል።

«ዓቢዳ! እኩል ነው!»

እናቴ ቀና አትልም። እግሯ ፔዳሉን አያቆምም።

«እኩል ከሆነ ምን ትጠብቃለህ» ትላለች፤ «ዳገቱን ውጣ።»